የታመቀ አየር ለምን ይጮኻል? ጩኸቱንስ እንዴት እንቀንሰው?

ትልቅ የጭነት መኪና ሲቆምና ሹፌሩ የእጅ ፍሬኑን ሲይዝ «ጵስስ!» የሚለውን ድምፅ የማያውቅ የለም። ይህ ድምፅ ሥራውን ጨርሶ የሚወጣ የታመቀ አየር ነው። መንገድ ላይ አንዴ ሰምተነው እናልፋለን። ጠርሙስ በሚሞላበት ወይም ካርቶን በሚታሸግበት ፋብሪካ ግን ማሽኑ በየጥቂት ሰከንዱ እንዲህ ይተነፍሳል፤ ያውም ቀኑን ሙሉ። ከሙያ ትምህርት ክፍል ወጥተው ጋራዥና ፋብሪካ የሚገቡ ተማሪዎች ስላሉን በዚህ እትም ጉዳዩን ልናብራራ ወደድን።

ድምፁ ከየት ይመጣል?

ኮምፕሬሰር አየርን አምቆ በማጠራቀሚያ ውስጥ ያስቀምጣል። በብዙ ፋብሪካዎች ግፊቱ ከ6 እስከ 8 ባር ይደርሳል። የትንሽ መኪና ጎማ እኮ 2 ባር ገደማ ብቻ ነው! አየሩ በቱቦ ሄዶ ሲሊንደር ውስጥ ይገባና ፒስተኑን ይገፋል። ፒስተኑ ሲመለስ ያው አየር በቫልቩ መውጫ ቀዳዳ በኩል ይለቀቃል። በዚያች ጠባብ ቀዳዳ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ300 ሜትር ይበልጣል። ይህ ፈጣን አየር ከክፍሉ የረጋ አየር ጋር ሲጋጭ ይተራመሳል፤ ጩኸቱም የሚወለደው ከዚህ ትርምስ ነው። ስለዚህ የሚጮኸው ብረቱ ሳይሆን አየሩ ራሱ ነው ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1952 የሒሳብ ሊቁ ጄምስ ላይትሂል እንዲህ ዓይነቱ ድምፅ ኃይሉ ከአየሩ ፍጥነት ስምንተኛ ርቢ ጋር እንደሚያድግ አሳየ። የሒሳብ መምህራን ይህን በክፍል ማስላት ትችላላችሁ፤ 2ን ስምንት ጊዜ በራሱ ብናባዛ 256 ይሆናል። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ የድምፁ ኃይል ከ256 አንድ እጅ ብቻ ይቀራል፤ በዴሲቤል ሲለካ 24 ያህል ይቀንሳል። ቁልፉ ታዲያ ምንድን ነው? አየሩ ቀስ ብሎ እንዲወጣ ማድረግ ነው።

ጉዳቱ ምንድን ነው?

በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ድምፅ ተቀባይ ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ ተመልሰው አይበቅሉም። ጉዳቱ ሕመም ሳይኖረው ቀስ በቀስ ይመጣል። መጀመሪያ የሚጠፉት ቀጫጭን ድምፆች ናቸው፤ ሰውየው ንግግር ይሰማል፣ ቃሉ ግን አይለይለትም። በአዲስ ቋንቋ ለሚማር ተማሪ ይህ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ መምህራን ታውቃላችሁ።

ኒዮሽ የተባለው የአሜሪካ የሥራ ደህንነትና ጤና ተቋም በ85 ዴሲቤል ከ8 ሰዓት በላይ መቆየት እንደማይገባ ይመክራል። ድምፁ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት በ100 ዴሲቤል የሚፈቀደው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። በኬንያም እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የፋብሪካዎች ደንብ ለ8 ሰዓት 90 ዴሲቤልን ወሰን አድርጓል።

ምን ማድረግ ይቻላል?

1. መውጫው ላይ ድምፅ መቀነሻ መግጠም። እንደ መኪና ማርሚታ ነው፤ መጠኑ ግን ከአውራ ጣት ላይበልጥ ይችላል። ከነሐስ ብናኝ ወይም ከፕላስቲክ የሚሠራና በጣም ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉት ነው። አየሩ በአንድ ቀዳዳ ከመፈትለክ ይልቅ ተበትኖና ፍጥነቱ ቀንሶ ይወጣል።

2. ግፊቱን መቀነስ። ሥራው በ4 ባር የሚሠራ ከሆነ 7 ባር ለምን?

3. የብዙ ማሽኖችን መውጫ በሰፊ ቱቦ አገናኝቶ ከክፍሉ ውጭ ማስተንፈስ።

4. የሚያፈስ ቱቦና መጋጠሚያ መጠገን። ይህ ጩኸትንም የኤሌክትሪክ ወጪንም ይቀንሳል።

5. መቀነሻውን በየጊዜው ማጽዳት ወይም መለወጥ። በዘይትና በአቧራ ሲደፈን አየሩ ይታፈንና ፒስተኑ ይዘገያል።

አደራ! መውጫውን በጨርቅ ወይም በብሎን መድፈን ፈጽሞ አይገባም። የታፈነ አየር ማሽኑን ያቆማል፤ ወይም ባልታሰበ ሰዓት አንቀሳቅሶ እጅ ይጎዳል። የጆሮ መድፈኛም ቢሆን አስፈላጊ ነው፤ ግን ከላይ ያሉት ከተሠሩ በኋላ የሚመጣ ነው። መድፈኛው የሚጠብቀው ያደረገውን ሰው ብቻ ሲሆን መቀነሻው ግን ክፍሉ ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ ይጠብቃል።

ለክፍል ሙከራ

የተነፋ የብስክሌት ጎማ አምጡና ቫልቩን ተጭናችሁ አየሩን ልቀቁ። ቀጥሎ በቀዳዳው ላይ ወፍራም ስፖንጅ ይዛችሁ ድገሙት። በኮምፕሬሰር ግን አትሞክሩት። ተማሪዎች ሁለት ጥያቄ ይመልሱ፦ ድምፁ ለምን ለወጠ? ስፖንጁን አጥብቀን ብንጫነው አየሩ ለመውጣት ስንት ጊዜ ይፈጅበታል?

ለሥራ የምትወጡ ተመራቂዎችም በመጀመሪያው ቀን የማሽኑን መውጫ ተመልከቱ። ባዶ ቀዳዳ ካያችሁ ኃላፊውን «መቀነሻው የት ሄደ?» ብላችሁ ጠይቁ። መቀነሻው ይገዛል፤ ጆሮ ግን አይገዛም።