በፍራንክ ማግኘት፣ በፍራንክ መኖር

ማለዳ በጅቡቲ ማዕከላዊ ገበያ የሚደረደረው ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ድንች አብዛኛው ከኢትዮጵያ የመጣ ነው። ከሐሙዲ መስጊድ አጠገብ፣ ድሮ የራምቦ ዛሬ የማሕሙድ ሐርቢ በሚባለው አደባባይ ዙሪያ፣ ሶማሊኛው፣ አፋርኛው፣ ዐረብኛውና ፈረንሳይኛው ከአማርኛና ከኦሮምኛ ጋር ተደባልቆ ይሰማል። ቲማቲሙ ድንበሩን እስኪሻገር ድረስ ዋጋው በብር ነበር። ከተሻገረ በኋላ ግን በፍራንክ ይጠራል፤ ወደ ብርም አይመለስም። ሰው ግን ይመለሳል፤ ተመልሶም እንደገና መሄድ ያምረዋል።

ድሬዳዋ ውስጥ ጅቡቲ ኖሮ የመጣ ሰው የሌለበት ሰፈር ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። አንዱ ወደቡ ላይ ትራንዚተር ነበር፣ ሌላዋ ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር፣ ሌላው ግንበኛ፣ ሌላው ሹፌር፣ ሌላዋ ገበያው ዳር ሻይ አፍልታ ትሸጥ ነበር። ብዙዎቹን ያስወጣቸው የጅቡቲ ውድነት ነው። «የሠራሁትን እዚያው በላሁት» የማይል ተመላሽ አላውቅም። ብሩ ከተዳከመ ወዲህ ግን እነዚሁ ሰዎች ጣታቸውን እያጠፉ ይቆጥራሉ። እዚያ የቀረ ጓደኛ የሚልከው ፍራንክ እዚህ ሲመነዘር ያስጎመጃል። «ልመለስ ይሆን?» የሚለው ጥያቄ ከቡና ላይ ወሬነት አልፎ የቤተሰብ ስብሰባ የሚያስጠራ ጉዳይ ሆኗል።

ጉጉቱ ከየት እንደመጣ ለማየት ወደ 1965 ዓ.ም. መመለስ ያስፈልጋል። ጅቡቲ ገና በፈረንሳይ እጅ ነበረች። በዚያ ዓመት ፍራንኳ በአንድ ዶላር 177.721 ላይ ተቸነከረ። የኛም ብር በዚያው ሰሞን በአንድ ዶላር 2.07 ላይ ተተከለ። ስለዚህ አንድ ብር ይዞ ጅቡቲ የወረደ ሰው 86 ፍራንክ ገደማ ይመነዝር ነበር። ለዛሬ ልጅ ተረት ነው።

ፍራንኩ ከዚያ ቀን ወዲህ አልተነቃነቀም። ለሚታተመው ፍራንክ ሁሉ መያዣ የሚሆን የውጭ ምንዛሪ መቀመጥ ስላለበት መንግሥት እንዳሻው አያትምም። ጅቡቲ በሰኔ 1969 ነፃ ስትወጣም፣ በኋላ እርስ በርስ ስትዋጋም ቁጥሩ ያው ነው። ብሩ ግን በየጊዜው አንድ ደረጃ ወረደ። በመስከረም 1985 ዶላሩ 5 ብር ሲሆን አንድ ብር የሚገዛው ወደ 36 ፍራንክ ዝቅ አለ። በ2002 ማብቂያ ዶላሩ 16 ብር ሲያልፍ 11 ፍራንክ ሆነ፤ በጥቅምት 2010 ዶላሩ 27 ብር ሲጠጋ ደግሞ 7 ፍራንክ እንኳ አልሞላ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ በዋዜማው ዶላር 57 ብር ከምናምን ነበርና ብሩ ሦስት ፍራንክ ያህል ይገዛ ነበር። ዶላሩ 130 ብር ሲደርስ ይህ ወደ 1.37 ፍራንክ ወረደ።

እስቲ ከጅቡቲ የተላከ አንድ ገንዘብ እንከተል። 20,000 ፍራንክ ማለት ያኔም ዛሬም 112 ዶላር ተኩል ነው። ደርግ በወደቀበት በ1983 በባንክ ምንዛሪ 233 ብር ነበር። በሰኔ 2016 ወደ 6,500 ብር ያወጣ ነበር። ዶላሩ 130 ብር ሲገባ 14,600 ብር አለፈ። ላኪው የጨመረው አንዳች ነገር የለም፤ ላቡም ያው፣ ኖቱም ያው። ድሬዳዋ ያለው ተቀባይ ግን ጓደኛው የበለጸገ ይመስለዋል። ስህተቱ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። ተመላሹ ገቢውን በብር መንዝሮ ያሰላዋል፤ ወጪው ግን በፍራንክ እንደሚከፈል ይዘነጋል። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ሌላ ብዙም የማይነገር ነገር አለ። ከጅቡቲ ወደ ድሬዳዋ የሚመጣ ፍራንክ እየሰፋ ይመጣል፤ ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ የሚሄድ ብር ግን እየጠበበ ይሄዳል። ተመላሹ ድሬዳዋ ሲገባ ጥሪቱን በብር አስቀምጦ ቢሆንስ? 100,000 ብሩ በሰኔ 2016 ከ300,000 ፍራንክ በላይ ነበር። በ130 ብር ምንዛሪ ወደ 137,000 ወርዷል። ለመመለስ ሲነሳ የቤት ኪራይ መያዣውን፣ የመጀመሪያ ወር ስንቁን፣ የመኖሪያ ፈቃዱን ወጪ የሚከፍለው በዚህች በጠበበችው ገንዘብ ነው። ገቢውን ያገዘፈለት ያው ምንዛሪ ስንቁን ቀማው። ከዚህ ቀደም በወጣበት በር ዛሬ የሚገባው ሁለት እጥፍ ከፍሎ ነው ማለት ይቻላል።

ጅቡቲ ለምን ይህን ያህል ውድ ሆነች? የሚታረስ መሬት የላትም፤ ፋብሪካዋም ጥቂት ነው፤ የምትበላውና የምትለብሰው ከባሕር ወይም ከኢትዮጵያ ይመጣል። በዚያ ላይ የፈረንሳይ፣ የአሜሪካ፣ የጃፓን፣ የጣሊያንና የቻይና ጦር ሰፈሮች አሉባት። አሜሪካ ብቻ ለካምፕ ለሞኒየ በዓመት 63 ሚሊዮን ዶላር ኪራይ ለመክፈል በ2006 ዓ.ም. ተስማምታለች። የውጭ አገር መኮንንና የኩባንያ ሠራተኛ የሚከራየው ቤት የደህናውን ሰፈር ዋጋ ወደ ላይ ይጎትታል፤ ድሃው ወደ ባልባላ ይገፋል። ባልባላ ራሷ የመገፋት ልጅ ናት፤ ፈረንሳዮች ከነሐሴ 1958ቱ ረብሻ በኋላ ከተማዋን በእሾህ ሽቦ ሲያጥሩ ከሽቦው ውጪ የቀረው ሰው የሠራት ሰፈር ናት።

የሚያስገርመው ግን ከኢትዮጵያ የሚመጣው ቲማቲሙ ብቻ አለመሆኑ ነው። ጫቱ በየቀኑ የሚመጣው ከኢትዮጵያ ነው። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ መብራቱም በከፍተኛ የኃይል መስመር ከኢትዮጵያ ይገባል። ውኃው ከሶማሌ ክልል ሐዳጋላ ተቆፍሮ በቧንቧ ይወርዳል። ድሬዳዋ የለቀቀ ሰው ያገሩን ቲማቲም፣ ያገሩን ውኃና ያገሩን መብራት ጅቡቲ ላይ በፍራንክ ይገዛል። ይህን ስል ማንንም መውቀሴ አይደለም፤ ወደብ የሌለው አገር ለወደብ የሚከፍለው በየፈርጁ ነው።

ይህ መንገድ አዲስ አይደለም። ድሬዳዋን የወለዳት ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 የደረሰው የባቡር ሐዲድ ነው። በመስከረም 1976 ከጦርነትና ከደርግ ሸሽተው ጅቡቲ የገቡ ስደተኞችን መመለስ ሲጀመር የተጓጓዙት በዚሁ ሐዲድ ነበር፤ ያኔ ሲያከራክር የነበረው ኑሮ ሳይሆን ሰዎቹ በእርግጥ ወደው ነው ወይ የሚሄዱት የሚለው ነበር። በግንቦት 1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ የአሰብ መንገድ ተዘጋ፤ የኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ዕቃ ከሞላ ጎደል በጅቡቲ በኩል ሆነ። የከባድ መኪና ሹፌሮች በፒኬ 12፣ ትራንዚተሮች በወደቡ ዙሪያ በዙ፤ እነሱን የሚያበላና የሚያስተኛ ሰውም ተከተላቸው። ዛሬ «ልመለስ ይሆን?» የሚሉት ብዙዎቹ የዚህ ዘመን ሰዎች ናቸው።

ስለ ወረቀት ሳይነገር ግን ይህ ሒሳብ አይዘጋም። በ1995 ዓ.ም. ክረምት የጅቡቲ መንግሥት ሕጋዊ ሰነድ የሌላቸው የውጭ ዜጎች እንዲወጡ ቀን ቆረጠ፤ በአሥር ሺህዎች የሚቆጠሩ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያንና ሶማሌዎች፣ በባቡርና በመኪና ወጡ። ዕቃውን በግማሽ ዋጋ ሸጦ ያልተሳፈረ ጥቂት ነበር። በ2017 ዓ.ም. የጸደይ ወራትም ወረቀት የሌላቸው እንዲለቁ ተመሳሳይ ማስጠንቀቂያ ወጣ። ለሃያ ሁለት ዓመት ተረስቶ የነበረ ነገር በሌሊት እንደመጣ እንግዳ በሩን አንኳኳ። በፍራንክ የሚገኘውን የሚያሰላ ሰው ይህን ወጪ የት እንደሚያስገባው አላውቅም፤ እኔ ግን ከሁሉ በፊት አስገባዋለሁ።

አገር ቤትስ ርካሽ ሆና ቀረች ወይ? አልቀረችም። መንግሥት በ2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ያወጣው ኪራይ ተከራይን ስላስለቀሰ ነው። ድሬዳዋ ላይ ደግሞ የራሷ የሆነ ነገር አለ፤ በሰኔና በሐምሌ ሙቀቱ ሲከፋ የጅቡቲ ቤተሰቦች ለዕረፍት ወደ ድሬና ወደ ሐረር ይወጣሉ፤ በፍራንክ የሚከራይ ሰው ሲመጣ በብር የሚከራየው ይጨነቃል። ስለዚህ የቀረውም ሰው ከፍራንኩ አላመለጠም።

እንግዲህ ማን ይመለስ? እንደ እኔ ከሆነ መልሱን የሚወስነው ደመወዝ ሳይሆን ማደሪያ ነው። አሠሪው ቤትና መብራት የሚችልለት፣ ሕጋዊ ፈቃድ ያለው፣ ቤተሰቡን ድሬዳዋ ትቶ የሚሄድ ሰው ያዋጣዋል፤ ፍራንኩ ሳይነካ ወደ ብር ይመጣልና። ሸቀጥ ከድንበር ወዲህና ወዲያ እያመላለሰ የሚነግድም የምንዛሪውን ልዩነት በዕቃው ላይ ሊያገኝ ይችላል። ሚስትና ልጆች ይዞ፣ ቤት በራሱ ተከራይቶ፣ ልጅ አስተምሮ ልኖር ለሚል ግን አያዋጣም። ለእሱ በፍራንክ ማግኘትና በፍራንክ መኖር አንድ ነገር ነው፤ ብሩ ቢወድቅም ባይወድቅም ሕይወቱን አይነካውም፤ ወይ ትርፍ የለው፣ ወይ የሚልከው የለው።

ብዙ ሰው ቀድሞ የኖረበትን አገር የሚያስታውሰው በጥር ነው። ጅቡቲ በጥር ደስ ትላለች፤ ነፋሱ ቀዝቃዛ ነው፣ ባሕሩ ሰላማዊ፣ ገበያው ሙሉ። ከሰኔ እስከ መስከረም ግን ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ አሸዋ የተሸከመው ከምሲን ነፋስ ይነሳል፤ ኤሲ ያለው ቤት የመብራት ሒሳቡ ኪራዩን ይፎካከራል፤ ኤሲ የሌለው ደግሞ ጣራ ላይ ያድራል። ዋጋ ለመጠየቅ ስልክ የምትደውሉ ካላችሁ የኪራዩን ብቻ አትጠይቁ። የሐምሌን የመብራት ቢል ጠይቁ።