የጠማው ውሻ ያብዳል? የሚጠጣውስ አላበደም?

መርካቶ ውስጥ ስለ ውሻና ስለ ውሃ ሁለት ነገር ሲነገር ይሰማል። አንደኛው «ውሃ የጠማው ውሻ ያብዳል» ነው። ሁለተኛው የዚሁ ወንድም ነው፦ «ውሃ እየጠጣማ እንዴት ያብዳል?»። ሁለቱም ስህተት ናቸው። የሱቁ ውሻ በድንገት ሳህኑን ደጋግሞ ባዶ ማድረግ ሲጀምር ደግሞ ባለቤቱን ይብሱን ያሳስቱታል፤ አንዱ በከንቱ ያስደነግጠዋል፣ ሌላው በከንቱ ያረጋጋዋል። የሚገርመው፣ ትክክለኛውን ጥያቄ፣ ማለትም ውሻው ለምን ይህን ያህል ጠማው የሚለውን፣ ሁለቱም አያስጠይቁም።

ስለ እብድ ውሻ በሽታ የሰዉን ግንዛቤ በጠየቁ የአገራችን ጥናቶች፣ ረሃብ፣ ጥማትና ፀሐይ ውሻን ያሳብዳሉ የሚለው መልስ ደጋግሞ ይገኛል። ከየት እንደመጣ መገመት አይከብድም። ያበደ ውሻ በአብዛኛው የሚታየው መንገድ ላይ ነው፤ የከሳ፣ ምላሱ የተንጠለጠለ፣ ባለቤት ያጣ። ሰው ያየውን ሁኔታ ምክንያት አደረገው። በሽታውን የሚያመጣው ግን ቫይረስ ነው፤ ከታመመ እንስሳ ምራቅ በንክሻ ይገባል፣ በነርቭ በኩል ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል። ውሃ የተነፈገ ውሻ ይሞት ይሆናል እንጂ አያብድም። ጠግቦና ረክቶ የሚያድር ውሻ ደግሞ ካልተከተበና በታመመ ከተነከሰ ያብዳል።

ሁለተኛው ተረት ከመጀመሪያው ይከፋል፣ ምክንያቱም ሰው ይገድላል። ውሃ መፍራት የሰው ምልክት ነው። በበሽታው የተያዘ ሰው ውሃ ሊጎነጭ ሲሞክር የጉሮሮው ጡንቻ በኃይል ይኮማተራል፤ ከዚያ በኋላ ብርጭቆ ማየቱ ብቻ ያንቀጠቅጠዋል። ውሻ ላይ ይህ አይታይም። በበሽታው መጀመሪያ ላይ እንደ ወትሮው ሊጠጣ ይችላል፤ ምልክት ከማሳየቱ ከጥቂት ቀናት በፊትም ምራቁ ውስጥ ቫይረሱ ሊኖር ይችላል። በሽታው ሲገፋ ጉሮሮው ሽባ ይሆንና ሳህኑ ላይ ተደፍቶ ይታገላል፣ ውሃው ግን አይወርድለትም፤ አገጩ ይወድቃል፣ ለሃጩ ይዝረከረካል። ይህን ጊዜ ነው «አጥንት ተሰክቶበታል» ብሎ እጁን ወደ ውሻው አፍ የሚሰድ ደግ ሰው የሚገኘው። እንዲህ ያለ ውሻ አፍ ውስጥ እጅ አይገባም። አጥንት እንኳ ቢሆን የሐኪም ሥራ ነው።

ነገሩ ለአዲስ አበባ አዲስ አይደለም። በነሐሴ 1895 ዓ.ም. ከተማዋን የመታውን የእብድ ውሻ ወረርሽኝ ታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት ጽፈውታል። ክትባት ሲዘጋጅበት የኖረውና የተጠረጠረ ውሻ የሚመረመርበት ተቋም ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይባላል፤ ጉለሌ ነው፣ ሰዉ ግን አሁንም «ፓስተር» ነው የሚለው። ውሻ የነከሰው ሰው ውሻው ይጠጣ አይጠጣ ብሎ ቆሞ አይመለከትም፤ ቁስሉን ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በሚወርድ ውሃና በሳሙና ያጥባል፣ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሄዳል። ውሻው ከተገኘና ጤነኛ ከመሰለ ደግሞ አይገደልም፤ ተዘግቶበት ለ10 ቀን ይታያል።

ይህን እዚህ ትተን ወደ ጥማቱ እንመለስ።

ጤነኛ ውሻ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ50 እስከ 60 ሚሊ ሊትር ገደማ ይጠጣል። ከ100 ሲያልፍ ሐኪሞች ከልክ ያለፈ ነው ይላሉ። 20 ኪሎ የሚመዝን ውሻ እንግዲህ 1 ሊትር ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ይበቃዋል፤ ከ2 ሊትር በላይ ከሆነ ነገር አለ። መለኪያው ከሱቁ አይጠፋም፤ የ1 ሊትር ሃይላንድ ነው። ጠዋት ሞልቶ መቅዳት፣ ሲያልቅ መጨመር፣ በማግስቱ በዚያው ሰዓት ከሳህኑ የተረፈውን መቀነስ።

መርካቶ ላይ ግን ይህ እንደሚባለው ቀላል አይደለም። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ የመርካቶ ውሻ የሚጮኸው ለአንድ ሱቅ ቢሆንም የሚበላው አምስት ቤት ነው። ጠዋት ከጀበና ቡና ሻጯ ዘንድ፣ ቀን ከምግብ ቤቱ ጓሮ፣ ማታ ከዘበኛው ሳህን። ውሃውንም ከቧንቧው ሥር፣ መኪና ከሚታጠብበት፣ አለፍ ሲልም ከቦዩ ይጠጣል። ስለዚህ ልኬቱ እውነት የሚሆነው ውሻው ለአንድ ቀንና ሌሊት ከተዘጋበት ነው። ተቃራኒውም ያጋጥማል። ልቅ ሲዞር የኖረ ውሻ ሲታሰር፣ ድሮ በየቦታው የሚጎነጨውን ሁሉ ከአንድ ሳህን ስለሚጠጣ «ይኼ ውሻ ውሃ አበዛ» ይባላል። ውሻው ምንም አልሆነም፤ አሁን ገና ታየ እንጂ።

የተመገበውም ይቆጠራል። ድርቆሽና ደረቅ ዳቦ የሚበላ ውሻ ሾርባና ሥጋ ከሚያገኘው በላይ ይጠጣል። የወጥ ትራፊ ጨው አለበት፣ በርበሬም አለበት። በርበሬ ውሻን ኃይለኛ ያደርጋል የሚሉ አሉ፤ አፉንና ሆዱን ያቃጥለዋል፣ ሌላ ምንም አያደርገውም። ከበርበሬው ይልቅ የሚያስፈራው ሽንኩርቱ ነው። ጥሬም ይሁን የበሰለ፣ ቀይ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴሎች ያፈርሳል፤ ወጣችን ደግሞ ያለ ሽንኩርት ወጥ አይሆንም። ትራፊ ያዘወተረ ውሻ ከደከመ፣ ድዱ ከነጣና ሽንቱ ወደ ቡና ቀለም ከተለወጠ ይህን ማሰብ ነው። የምታጠባ ውሻ ብዙ ብትጠጣ የሚደንቅ አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ በቆርቆሮ ሥር በፀሐይ የታሰረም እንዲሁ።

አሁን ብዙ ጉዳት ወደሚያደርሰው ልማድ እንምጣ። ውሻው ብዙ ይጠጣል፣ ሌሊት መጋዘኑ ውስጥ ይሸናል፣ ባለቤቱ ከ12 ሰዓት በኋላ ሳህኑን ያነሳል። ከልክ ባለፈ ጥማት ነገሩ በአብዛኛው የሚጀምረው ከሽንት ነው። ኩላሊቱ ውሃ ማስቀረት ሲያቅተው ውሻው ብዙ ይሸናል፣ የወጣበትን ለመተካት ይጠጣል። ሳህኑ ቢነሳም ሽንቱ አይቆምም፤ ውሃው ከሰውነቱ መውጣቱን ይቀጥላል፣ በምትኩ የሚገባ የለም። ኩላሊቱ የታመመ ውሻ በአንድ ሌሊት ጥም ክፉኛ ሊወድቅ ይችላል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ጀሪካን ቆጥቦ የሚኖር ሰው ውሃ ለውሻ ማብዛት እንደሚከብደው አውቃለሁ፤ ቢሆንም ከታመመ ውሻ የሚቀነሰው ውሃ ትክክለኛው ቁጠባ አይደለም።

«አርጅቷል፣ ያረጀ ውሻ ይጠጣል» የሚለውም እንዲሁ ነው። እርጅና አያስጠማም። በእርጅና ጊዜ የሚመጣ የኩላሊት ሕመም ግን ያስጠማል፣ ያውም ጥማቱ ሲታይ ከኩላሊቱ አቅም ሁለት ሦስተኛው ያህል ሄዷል። ስኳር ውሻንም ይይዛል፤ ይበላል፣ ይጠጣል፣ እየከሳ ይሄዳል፣ የሸናበት ቦታ ላይ ጉንዳን ይሰበሰባል። ጉንዳን ባይመጣም ስኳር የለም ማለት አይደለም።

ሴት ውሻ ላይ የሚሠራው ስህተት የተለየ ነው። ወንድ ፈልጋ ካለፈች ከአንድ እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ መጠጣት ታበዛለች፣ ሆዷ ከፍ ይላል፣ ምግብ ያስጠላታል። ሰፈሩ «አርግዛለች» ይላል፤ ቡችላ የሚያዝም አይጠፋም። እርግዝናም ወደ 63 ቀን ስለሆነ ጊዜው ይመሳሰላል። ግን ማህፀኗ በመግል ሞልቶ ሊሆን ይችላል። የባክቴሪያው መርዝ ኩላሊቷን ሥራ ያስፈታዋል፣ ጥማቱ የሚመጣው ከዚያ ነው። አንዳንዷ ከኋላዋ መግል ይወርዳታል፤ የማህፀኗ አፍ የተዘጋባት ግን ምንም አይታይባትም፣ የባሰውም ይኸኛው ነው። መፍትሔው አብዛኛውን ጊዜ ቀዶ ሕክምና ነው፤ ለሳምንት አይቆይም፣ በቀናት ትሞታለች። ያልመከነች ሴት ውሻ አብዝታ ስትጠጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ወንድ የፈለገችበት ጊዜ ነው።

«መርፌው ተስማማው፣ ይኸው በላ ጠጣ» ሲባልም ሰምቻለሁ። ለሚያሳክከው ቆዳ የሚሰጡ ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞን የመሳሰሉ መድኃኒቶች ምግብ ያስወድዳሉ፣ ያስጠማሉ፣ ያሸናሉ። ያ የመዳን ምልክት ሳይሆን የመድኃኒቱ ጠባይ ነው። ከሰው ፋርማሲ ተገዝተው በግምት ሲሰጡ ይጎዳሉ፤ ለረጅም ጊዜ ተሰጥተው ድንገት ሲቋረጡም ይጎዳሉ።

የአይጥ ነገር ደግሞ አለ። የእህል መጋዘን የሚጠብቅ ውሻ አይጥ መያዙ ይወደድለታል። በአይጥ ሽንት የሚተላለፈው ሌፕቶስፒራ የሚባለው ባክቴሪያ የውሻን ኩላሊትና ጉበት ያጠቃል፤ ትኩሳት፣ ትውከት፣ ጥማት፣ አንዳንዴም የዓይን ቢጫ መሆን ይታያል። ሰውንም ስለሚይዝ የዚያን ውሻ ሽንት ያለ ጓንት ማጽዳት አይገባም። ከአይጥ መርዝም ካልሲየም ከልክ በላይ በመጨመር የሚያስጠማ ዓይነት አለ። ለተመረዘ ውሻ ወተት መጋት የቆየ ልማዳችን ነው፣ ማርከሻ ግን አይደለም፤ የመርዙን ማሸጊያ ይዞ ወደ ሐኪም መሮጥ ይሻላል።

ሐኪም ዘንድ ባዶ እጅ አይኬድም። የግል ክሊኒክም ሆነ ቢሾፍቱ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ፣ መጀመሪያ የሚፈለገው የውሃው ልክ፣ የተሰጡት መድኃኒቶች ስም፣ ከተቻለም የጠዋት የመጀመሪያ ሽንት ነው። ሽንቱን መያዝ ያስቸግራል የሚሉ ረጅም እጀታ ያለው ንጹሕ ጭልፋ ይሞክሩ። ውሻው እግሩን ሲያነሳ ከጎን በቀስታ ያስገቡታል፤ ግማሽ የቡና ሲኒ ያህል ይበቃል። ክዳን ባለው ንጹሕ ዕቃ አድርጎ በሁለት ሰዓት ውስጥ ማድረስ፣ ካልሆነም ማቀዝቀዣ ውስጥ ማቆየት ነው። ጭልፋው ከዚያ ወዲያ ወደ ወጥ ቤት አይመለስም።