የልጆች መጻሕፍት በድረ ገጽ፡- ከማንበብ አልፎ የመተርጎምና የማባዛት ፈቃድ

በሀገራችን በ2002 ዓ.ም በተካሄደ የንባብ ክህሎት ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች መካከል 34 በመቶ ያህሉ ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ ውስጥ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አለመቻላቸው ተመልክቷል፡፡ ንባብ በልምምድ የሚዳብር ክህሎት በመሆኑ፣ ከመማሪያ መጽሐፍ ሌላ የሚያነበው ያላገኘ ሕፃን በክፍል ውስጥ የቀሰመውን ፊደል ሊያጠናክር አይችልም፡፡

በ1986 ዓ.ም የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ከደነገገ ወዲህ የተረት መጻሕፍት የሚያስፈልጉባቸው ቋንቋዎች በርካታ ሆነዋል፡፡ ይሁን እንጂ ተናጋሪው ጥቂት በሆነ ቋንቋ አነስተኛ ቅጂ ማሳተም የእያንዳንዱን መጽሐፍ ዋጋ ስለሚያንር አሳታሚዎችን አያበረታታም፡፡ በኢንተርኔት አማካይነት የሚገኙ የልጆች መጻሕፍት ስብስቦች ትልቁ ጥቅማቸው የሚታየው እዚህ ላይ ነው፡፡

ከእነዚህ መካከል ቀደምት የሆነው እ.ኤ.አ በ2002 በአሜሪካ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ዓለም አቀፍ የልጆች ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ነው፡፡ መጻሕፍቱ የቀረቡት በባለመብቶቹ ፈቃድ ስለነበር በአብዛኛው በኮምፒውተር ለማንበብ እንጂ አባዝቶ ለማከፋፈል የታሰቡ አልነበሩም፡፡ ከዚያ በኋላ የተቋቋሙት ግን ሌላ መንገድ ተከትለዋል፡፡ መቀመጫውን ደቡብ አፍሪካ ያደረገው ሳይዴ የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ በ2014 የጀመረው አፍሪካን ስቶሪቡክ፣ እንዲሁም የሕንዱ ፕራታም ቡክስ እ.ኤ.አ በ2015 የከፈተው ስቶሪ ዊቨር በክፍት ፈቃድ የተዘጋጁ ታሪኮችን ያቀርባሉ፡፡ በሚያዝያ 2010 ዓ.ም በአዲስ አበባ ይፋ የተደረገው ግሎባል ዲጂታል ላይብረሪም የተመሠረተው በዚሁ መርህ ላይ ነው፡፡

ክፍት ፈቃድ ምን ማለት ነው?

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድን ሥራ የማባዛት፣ የመተርጎምና የማከፋፈል መብት የደራሲው መሆኑን ይደነግጋል፡፡ በመሆኑም አንድ መጽሐፍ በድረ ገጽ በነፃ መነበቡ ብቻውን ለትምህርት ቤት ለማባዛት ወይም ወደ ሌላ ቋንቋ ለመተርጎም አያበቃም፡፡ ክፍት ፈቃድ ደራሲው ይህን መብት አስቀድሞ ለሁሉም የሚሰጥበት ሥርዓት ሲሆን፣ በስፋት የሚታወቀው እ.ኤ.አ በ2002 ሥራ ላይ የዋለው የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ነው፡፡

የዚህ ፈቃድ ዓይነቶች አንድ ወጥ አይደሉም፡፡ አንዳንዱ የደራሲውንና የሠዓሊውን ስም መጥቀስን ብቻ ይጠይቃል፤ ሌላው ሥራው ለንግድ እንዳይውል ይከለክላል፡፡ በሥራው ላይ ለውጥ ማድረግን የሚከለክለው ፈቃድ ደግሞ ትርጉሙን ማሰራጨትንም ስለሚያግድ፣ ለብዙ ቋንቋ አገልግሎት የሚውል መጽሐፍ የሚመርጥ ባለሙያ በቅድሚያ ሊመለከተው የሚገባው ይህንኑ ነው፡፡ ስም መጥቀስን ብቻ የሚጠይቅ መጽሐፍ ከተገኘ አንድ የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሥዕሉን እንዳለ ወስዶ ጽሑፉን በአካባቢው ቋንቋ በማስተርጎም ማባዛት ይችላል፡፡

ኢንተርኔት በሌለበት

የኔትወርክ አለመኖር ሥራውን ሙሉ በሙሉ አያስቆመውም፡፡ በአንድ ማዕከል የወረዱ መጻሕፍት በፍላሽ ዲስክ ወደ ትምህርት ቤት ሊደርሱ ወይም በወረቀት ሊታተሙ ይችላሉ፡፡ ኮሊብሪ የተሰኘው ሶፍትዌርም በአንድ ኮምፒውተር ላይ የተጫኑ መጻሕፍትን በትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ያለ ኢንተርኔት ለማንበብ ያስችላል፡፡

በሌላ በኩል ጥንቃቄ የሚሹ ጉዳዮች አሉ፡፡ ማንም ሊተረጉም የሚችለው ጽሑፍ ማንም ሊያበላሸው የሚችል ጭምር ነው፡፡ ስለሆነም ትርጉሙ ከመታተሙ በፊት በቋንቋው መምህራን መታረምና በሕፃናት መነበብ አለበት፡፡ የመጽሐፉ ደረጃም ከአንባቢው ዕድሜና ችሎታ ጋር መመዛዘን ይኖርበታል፤ ለአብነት ስቶሪ ዊቨር መጻሕፍቱን በአራት የንባብ ደረጃዎች ከፍሎ ያቀርባል፡፡

የወጣቶች ድርሻ

ከላይ የተጠቀሱት ስብስቦች በአብዛኛው ለጀማሪ አንባቢዎች የተዘጋጁ በመሆናቸው ለወጣቶች የሚቀርበው ንባብ አናሳ ነው፡፡ ይህን ክፍተት በከፊል ሊሞሉ የሚችሉት የቀደምት ደራስያን ሥራዎች ናቸው፡፡ በአዋጁ መሠረት የደራሲው የኢኮኖሚ መብት የሚጠበቀው በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመታት ነው፡፡ በዚህም መሠረት በ1931 ዓ.ም ያረፉት የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ልብ ወለድ «አዲስ ዓለም» የጥበቃ ዘመኑ ያበቃ በመሆኑ በድረ ገጽ ለወጣቶች ሊቀርብ ይችላል፡፡ በ1991 ዓ.ም ያረፉት የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» ግን ጥበቃው ስላልተጠናቀቀ የወራሾች ፈቃድ ያስፈልገዋል፡፡

በመንግሥት ገንዘብ የሚዘጋጁ የልጆች መጻሕፍትም ከዚሁ ጋር ተያይዘው ሊታዩ ይገባል፡፡ የጽሑፍና የሥዕል ሥራ ውል ሲፈረም ስለ ክፍት ፈቃድ የሚገልጽ አንቀጽ ካልተካተተ፣ በአንድ ክልል የተዘጋጀን መጽሐፍ ሌላው ክልል ተርጉሞ ለመጠቀም እንደገና መደራደር ወይም አዲስ ወጪ ማውጣት ግድ ይሆንበታል፡፡ ለደራሲውና ለሠዓሊው ተገቢው ክፍያ ተፈጽሞ ፈቃዱ በውሉ ከሰፈረ ግን አንድ ጊዜ የተከፈለበት መጽሐፍ በየቋንቋው ላሉ ሕፃናት ይዳረሳል፡፡ ውሉን የሚያዘጋጁና የሚያጸድቁ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች ለዚህ አንቀጽ ተገቢውን ትኩረት ሊሰጡት ይገባል፡፡