ሰልስት ሳይወጣ መሮጥ፦ ሐዘንና የቤተሰብ ፉክክር በታዳጊዎች የስፖርት ድራማ



የዛሬው ርእሰ ጉዳዬ ብዙዎቻችሁ በየስልካችሁ የምትከታተሉት፣ በድርሰት መልመጃችሁም ደጋግማችሁ የምትሞክሩት ዘውግ ነው። አንድ ታዳጊ አለ፤ ከቤተሰቡ አንድ ሰው ይሞታል፤ ልጁ ይሮጣል ወይም ኳስ ይጫወታል፤ በመጨረሻ ዋንጫ ይነሣል። የምታቀርቡልኝን ረቂቆች ሳነብ ሟቹ ዘወትር በመጀመሪያው ገጽ ይሞታል፤ ከዚያ በኋላ ግን ለቅሶ የሚቀመጥለት አይገኝም። ለመሆኑ ሐዘን በዚህ ዘውግ ውስጥ የሚሠራው ሥራ ምንድን ነው?

ከቃሉ ልጀምር። «ፉክክር» የምንለው ቃል ከ«ፉከራ» ጋር ሥሩ አንድ ነው፤ ሁለቱም «ፎከረ» ከሚለው ግስ ይወጣሉ። ፉከራ ደግሞ የጦር ሜዳና የግብር አዳራሽ ብቻ አልነበረም፤ ጀግና ሲሞት በለቅሶው ላይም ይፎከር ነበር። ስለዚህ መወዳደርና ማልቀስ በአንድ ሜዳ መገናኘታቸው ለእኛ ባዳ ነገር አይደለም። ለግሪኮችም እንዲሁ ነበር። በሆሜር «ኢልያድ» 23ኛ መጽሐፍ አኪሌስ ወዳጁን ፓትሮክሎስን ሲቀብር የሠረገላ፣ የትግልና የሩጫ ውድድር ያሰናዳል፤ ተወዳዳሪዎቹም በሽልማቱ ይጣላሉ። አርስጣጣሊስም በሥነ ግጥም መጽሐፉ፣ ከጠላት ከሚመጣ ጉዳት ይልቅ በቤተሰብ መካከል የሚደርሰው የተመልካችን አንጀት እንደሚበላ አስረድቷል።

ዘውጉን በዘመናችን ካጸኑት ሥራዎች አንዱ የጃፓናዊው ሚትሱሩ አዳቺ «ታች» የተሰኘው የሥዕል ልቦለድ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1981 እስከ 1986 በተከታታይ ወጥቷል። መንትያ ወንድማማቾችና አንዲት የጎረቤት ልጅ አብረው ያድጋሉ። ትጉሁ ታናሽ ካዙያ የቤዝቦል ተጫዋች ነው፤ ታላቁ ታትሱያ ደግሞ ሰነፍ የሚባል ነው። ካዙያ ወደ ፍጻሜው ጨዋታ ሲሄድ አንድ ሕፃን ከመኪና ለማዳን ብሎ ይሞታል። ከዚህ በኋላ ታትሱያ ኳሱን ያነሣል። እዚህ ላይ ፉክክሩ በሞት አይቋረጥም፤ እንዲያውም ይበረታል። በሕይወት ያለ ወንድም አንዳንድ ቀን ይሸነፋል፤ የሞተ ወንድም ግን ከእንግዲህ አይሳሳትም፣ አይደክምም፣ አያረጅም። የታትሱያ ጭንቅ ይህ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ ደራሲ ሊፈጥረው የሚቸገረውን እውነታው አስቀድሞ ሠርቶት እናገኛለን። ታኅሣሥ 26 ቀን 1997 ዓ.ም.፣ ገና በዓል ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ አትሌት ዓለም ከእጮኛዋ ከቀነኒሳ በቀለ ጋር ልምምድ ላይ ሳለች ወድቃ ሕይወቷ አለፈ። እ.ኤ.አ. በ2003 በታዳጊዎች የዓለም ሻምፒዮና የ1500 ሜትር ባለ ወርቅ የነበረች ልጅ ናት። አርባዋ ሳይወጣ፣ ቀነኒሳ በቦስተን የቤት ውስጥ የ3000 ሜትር ውድድር ላይ ቀረበ፤ የዙር ቆጠራ ተምታቶበት መጨረሻው ሳይደርስ ተፈተለከ፤ ተሸነፈም። በመጋቢት ወር በፈረንሳይ በተካሄደው የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና አጭሩንም ረጅሙንም ርቀት አሸነፈ። ነሐሴ ላይ በብራስልስ 10 ሺህ ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ17.53 ሰከንድ ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን አሻሻለ።

ከተማሪዎቼ አብዛኛው ታሪኩን ቢጽፍ ብራስልስ ላይ እንደሚጨርሰው አውቃለሁ። እኔ ግን ቦስተንን እመርጣለሁ። ቁጥር የተምታታበት ሯጭ ስለ ልቡ አንድ ቃል ሳይናገር ተመልካቹ የራሱን ትርጉም ይሰጠዋል። በእርግጥ ስሕተቱን ያመጣው ሐዘኑ ነው ብሎ መደምደም የድራማ ጸሐፊ ፈተና እንጂ የታሪክ ማስረጃ አይደለም፤ ዙር መሳት ሐዘን በሌለበትም ያጋጥማል። ድራማው ግን ያንን ጥርጣሬ ሳይፈታ ቢተወው ይበልጥ ይከብዳል።

የወንድማማቾቹ ፉክክርም እዚያው ቤት አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 በለንደን ኦሊምፒክ የ10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ ታናሽ ወንድሙ ታሪኩ በቀለ በ27 ደቂቃ ከ31.43 ሰከንድ ሦስተኛ ሲሆን፣ በሁለት ኦሊምፒኮች የርቀቱ ባለ ወርቅ የነበረው ቀነኒሳ በ27:32.44 አራተኛ ወጣ። በአንድ ሰከንድ ልዩነት ነሐሱ ከታላቅ ወደ ታናሽ ተሻገረ። ሰባት ዓመት ቀደም ብሎ በሄልሲንኪ የዓለም ሻምፒዮና ደግሞ ጥሩነሽ ዲባባ 5 ሺህውንም 10 ሺህውንም ስታሸንፍ ታላቅ እኅቷ እጅጋየሁ በሁለቱም ነሐስ አግኝታለች። ታላቅነት በቤት ውስጥ የሚከበር ወንበር ነው፤ ሜዳ ላይ ግን ሰዓት ቆጣሪው «ጋሼ» ወይም «እትዬ» አይልም። ለድራማ የሚሆነው ጥያቄ በዚያ ምሽት ስልክ ለእናት የሚደውለው ማን እንደሆነና ምን ብሎ እንደሚጀምር ነው።

ፊልም ሞክሮታል ወይ ለምትሉኝ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው «ኢንዱራንስ» አለ። የኃይሌ ገብረሥላሴን የአርሲ ልጅነት፣ ሩጫውን ያልወደደለትን አባቱንና የእናቱን ሞት ያሳያል፤ የቤተሰቡን ሰዎች ሆነው የተጫወቱት በከፊል የገዛ ዘመዶቹ ናቸው። ዘመድ የዘመዱን ለቅሶ በካሜራ ፊት ደግሞ ሲያለቅስ ማየት፣ የትወና ትምህርት ከሚያስተምረኝ በላይ አስተምሮኛል።

አሁን ወደ ጽሑፎቻችሁ ልመለስ። ከውጭ ተከታታይ ድራማዎች የተዋሳችሁት ሐዘንተኛ በሩን ዘግቶ፣ ማዳመጫ ጆሮው ላይ አድርጎ ብቻውን ይተክዛል። በመቱም ሆነ በጎሬ እንዲህ ያለ ሐዘንተኛ አላውቅም። ድንኳን ይተከላል፣ እድርተኛው ወንበር ይደረድራል፣ ጎረቤት እዝን ይዞ ይመጣል፣ ለቅሶው በኦሮምኛም በአማርኛም ይወርዳል። እንኳን ብቻውን ሊሆን፣ ልጁ ውኃ እንዲጠጣ የሚያዝዙት አሥር አክስቶች አሉ። የእኛ ታዳጊ ችግሩ ብቸኝነት ማጣቱ ነው። ሜዳው ብቻውን የሚሆንበት ብቸኛ ስፍራ ይሆናል፤ ወደዚያ መውጣቱ ደግሞ ነውር ነው።

እንበልና አንዲት የ16 ዓመት ልጅ በወንድሟ ሰልስት ቀን በበደሌ የማጣሪያ ውድድር አላት። ወንድሟም ሯጭ ነበረ፤ ሁልጊዜ ይቀድማት ነበረ። ከል ለብሳለች። አባት ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጧል። ጫማው የወንድሟ ነው፤ በአንድ ቁጥር ይሰፋታል። ሊነጋ ሲል ተነሥታ ብትወጣ ጎረቤት «ወንድሟን ሳትቀብር ሮጠች» ይላል፤ ብትቀር እስከ ዘላለሙ ሁለተኛ ናት። እዚህ ላይ ክፉ ሰው የለም፤ አባትም ትክክል ነው፣ እሷም ትክክል ናት። ይህን ትዕይንት ያለ አንድ ረጅም ንግግር፣ በጫማውና በድንኳኑ ብቻ ጽፋችሁ እንድታመጡልኝ እፈልጋለሁ። ውድድሩን አሸነፈች ወይስ አላሸነፈችም የሚለውን መጻፍ አያስፈልጋችሁም።