ባነስን ይሻላል?

«ልጅ አይቆጠርም፤ በረከቱ ይሸሻል። ደግሞም ቁጥር የሚፈለገው ለግብር ነው፤ ባነስን ይሻላል።» በዋግ ኽምራ ከዝቋላ ቆላ እስከ ሰቆጣ ደጋ የሚዞረው ይህ እምነት ልጆቻችንን ጎድቷል።

ፍርሃቱ እንዲያው የመጣ አይደለም። ንጉሥ ዳዊት ሕዝቡን በመቁጠሩ መቅሠፍት እንደ ወረደ በሁለተኛ ሳሙኤል ተጽፏል። ከ1975ቱ የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ በኋላም የጎረምሳ ስም መዝገብ ላይ መውጣቱ ምን እንደሚያስከትል ወላጆቻችን አይተዋል። ግን ኦሪት ዘኁልቍም አለ፤ እዚያ እግዚአብሔር ራሱ ሙሴን «ቁጠር» ብሎታል። የዳዊትን እየጠቀሱ የሙሴን የሚዘሉ ሰዎች ያናድዱኛል። የገጠር መሬት መጠቀሚያ ክፍያም የሚተመነው በይዞታ ስፋት እንጂ በልጅ ብዛት አይደለም።

የቆጠራ ጉድለት የድምር ስህተት አይደለም። አንድ ቤት በሙሉ ሲታለፍ፣ ወይም ቤቱ ተቆጥሮ ጨቅላው ወይም ከብት ይዞ ወደ ተከዜ የወረደው እረኛ ሲረሳ የሚፈጠር ነው። ጉዳቱ በክትባት ላይ ጎልቶ ይታያል። በአንድ ወረዳ 1,000 ሕፃናት ኖረው ዕቅዱ 800 ብቻ ያውቃል እንበል። 720ዎቹ ቢከተቡ ሪፖርቱ 90 በመቶ ይላል፤ 80 ልጅ ብቻ የቀረ ይመስላል። በእውነቱ የቀሩት 280 ናቸው፤ ኩፍኝ ሲገባ የሚያገኘው እነሱን ነው። የጤና ኬላው፣ የበጀት ድጎማው፣ የድርቅ እርዳታው ኮታም መነሻው ያው ቁጥር ነው።

«ከትንበያው የጎደለው ሁሉ ሳይቆጠር የቀረ ነው» የሚሉም አሉ። በ1999ኙ ቆጠራ የአማራ ክልል ሕዝብ 17.2 ሚሊዮን ሆኖ ከተተነበየው በ2.4 ሚሊዮን ገደማ ማነሱ ፓርላማ ድረስ አነጋግሯል። ትንበያው ራሱ ወሊድን አብዝቶ፣ ሞትና ፍልሰትን አሳንሶ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚለየው ከቆጠራ በኋላ በናሙና ቤት ለቤት የሚደረግ ማጣሪያ እንጂ ጩኸት አይደለም።

«ትንበያ ያስተካክለዋል» ማለትም አያስኬድም፤ መነሻው ከጎደለ ጉድለቱ አብሮ ይጓዛል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ቆጠራ በየ10 ዓመቱ እንዲካሄድ ቢያዝም፣ ለ2011 የታሰበው ተራዘመ። ዋግ ኽምራ የሚታቀድላት በ1999 ከተገኘው 426 ሺህ ገደማ ሕዝብ ተነስቶ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ጦርነትና ድርቅ የዝቋላንና የአበርገሌን ሰው አፈናቅለዋል።

ቆጣሪ ደጃችሁ ሲመጣ፣ ክርስትና ያልተነሳውን ሕፃን ጭምር አስቆጥሩ።