ጂፕሰሙ ከመዘጋቱ በፊት

የሳሎናችሁን ኮርኒስ በጂፕሰም ልታሠሩ አስባችኋል? በጠርዙ ተደብቆ ግድግዳውን በብርሃን የሚያለብሰው የኤልኢዲ ጥቅልል በእርግጥ ያምራል። ባልና ሚስት ስለ ቀለሙ ስትከራከሩ ግን (መቼም ክርክሩ ቢጫና ነጭ ላይ ነው!) ትራንስፎርመሩን እንዳትረሱት።

12 ቮልት የተባለው ጥቅልል የቤታችንን 220 ቮልት አይችልም፤ በቀጥታ ከተገናኘ ወዲያው ይቃጠላል። ስለዚህ ኃይሉን የሚቀንስለት ትራንስፎርመር በመካከል ይገባል። በሜትር 14.4 ዋት የሚወስድ ባለ 5 ሜትር ጥቅልል 72 ዋት ይፈልጋል። ትራንስፎርመሩ ልክ በልኩ ከሆነ ሲግል ያመሻል፤ የ100 ዋቱን ግዙ። ይህ ጭነት ለመብራት መስመሩ ቀላል ነው። በ12 ቮልቱ በኩል ግን 6 አምፔር ስለሚያልፍ ቀጭን ሽቦና የላላ ማያያዣ ይሞቃሉ።

ታዲያ ትራንስፎርመሩ የት ይቀመጥ? ጂፕሰም ውስጥ ቀብሮት የሚሄድ ባለሙያ አለ፤ እባካችሁ አትፍቀዱለት። አየር የሚያገኝበት፣ ሲበላሽም እጅ የሚያስገባ ክዳን ይተውለት። ይህን ጂፕሰሙ ከመዘጋቱ በፊት ካልተነጋገራችሁበት በኋላ ኮርኒስ ማፍረስ ይመጣል።

መስመሩ ከነባሩ መብራት ማብሪያ ሲወሰድ ማብሪያው የሚቆርጠው ኑሉን ሳይሆን ፌዙን መሆኑን በቴስተር ያሳያችሁ። ኑሉን ከቆረጠ መብራቱ ጠፍቶም ሽቦው ላይ ኃይል አለ፤ አምፖል ልትቀይሩ መሰላል የወጣችሁ ቀን አደጋው የእናንተ ነው። ባለሙያው ሥራ ሲጀምርም ማብሪያውን ማጥፋቱ አይበቃም፤ ብሬከሩን ማውረዱን በዓይናችሁ እዩ።