መላ ቅጡ ሲጠፋ ከየት ይጀመራል?

ከጎንደር ተነስቶ ወደ ደባርቅ የሚሄድ መንገደኛ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዘ ኮሶዬ ይደርሳል። ብዙ ጎብኚ እዚህ ወርዶ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ ቁልቁል ቆላውን ያያል፤ ፎቶ ያነሣል፤ ረጅም ትንፋሽ ይስባል፤ ከዚያ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አድርጎ ወደ ስሜን ተራሮች ይቀጥላል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከመዘገባቸው የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ የሆነው የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ ሰው ከከተማ ወከባ ለማምለጥ ከሩቅ አገር ገንዘብ ከፍሎ የሚመጣበት ነው።

እዚያው አፋፍ ላይ ለሚኖረው ገበሬ ግን ነሐሴ የዕረፍት ወር አይደለም። ያለፈው ዓመት ገብስ ከጎታው ተሟጥጧል፤ የዘንድሮው ገና ማሳው ላይ አረንጓዴ ነው። የማዳበሪያ ዕዳ አለ። መስከረም ሲጠባ ልጆች ደብተር ይፈልጋሉ። የታመሙ አባት ጎንደር ሆስፒታል መድረስ አለባቸው፤ መንገዱ ዛሬ ክፍት ይሁን ዝግ ግን እርግጠኛ የሚሆን የለም። ይህ ሁሉ በአንድ ጠዋት ሲገናኝ ሰውየው ዶማውን የት እንዳስቀመጠ ይረሳል፤ በትንሽ ነገር ልጁን ይቆጣል፤ የጀመረውን ትቶ ሌላ ያነሣል፤ ሁለቱንም ሳይጨርስ ይመሻል። «መላ ቅጡ ጠፋብኝ» ይላል። ጎረቤት «በርታ እንጂ» ይለዋል። እሱም በውስጡ «ሰንፌያለሁ» ይላል።

ሳይንሱ በዚህ ወቀሳ አይስማማም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኔልሰን ካወን እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተመው ሰፊ ዳሰሳ፣ ጤነኛ ጎልማሳ በአንድ ጊዜ አእምሮው ውስጥ ይዞ ሊሠራባቸው የሚችላቸው ነገሮች አራት ያህል ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። የተማረም ያልተማረም፣ ብርቱም ደካማም በዚህ ጠባብ ቦታ ነው የሚያስበው። ዕዳው አንዱን፣ የአባት ሕመም ሌላውን፣ የመንገዱ ነገር ሦስተኛውን ከያዘ ለዶማው የሚተርፍ ቦታ የለም።

ድህነትና ሥጋት አእምሮን እንዴት እንደሚያጣብቡ ለማየት አናንዲ ማኒ፣ ሴንዲል ሙላይናታን፣ ኤልዳር ሻፊርና ጂያዪንግ ዣኦ የተባሉ ተመራማሪዎች ወደ ሕንድ፣ ታሚል ናዱ ግዛት ሄደው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ያወጡት ጥናት 464 የሸንኮራ አገዳ ገበሬዎችን ይመለከታል። እነዚህ ገበሬዎች የዓመት ገቢያቸውን የሚያገኙት በምርት ጊዜ ነው። ተመራማሪዎቹ ያንኑ ሰው ሁለት ጊዜ ፈተኑት፤ አንድ ጊዜ ከምርት በፊት እጁ ባጠረበት ሰሞን፣ ሌላ ጊዜ ከምርት በኋላ። ከምርት በፊት የማመዛዘንና ትኩረትን የመቆጣጠር ፈተናው ላይ ያገኘው ውጤት ዝቅ ያለ ነበር። የልዩነቱ መጠን በባለሙያዎች መካከል ክርክር አስነስቷል፤ አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው። ሰውየው አልተለወጠም፤ የተለወጠው አእምሮው የተሸከመው ነገር ነው።

ግኝቱ ለኮሶዬና ለዳባት ገበሬ ቅርብ ነው። ከባድ ከባድ ውሳኔዎች የሚወሰኑት አብዛኛውን ጊዜ አእምሮ በጣም በተጣበበበት ሰሞን ነውና። በሬ የሚሸጠው፣ በከባድ ወለድ የሚበደረው፣ ልጅ ከትምህርት ቤት የሚቀረው ክረምት ሲከብድ ነው።

በዚህ ላይ ያለፉት ዓመታት የጨመሩት አለ። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ዳባት ወረዳ ጭና ድረስ ደርሶ ሲቪሎች ተገድለዋል። ከቤታቸው የተፈናቀሉ ሰዎች ደባርቅ ተጠልለዋል። ዳባት አጠገብ ዓለምዋጭ በተባለው ቦታ የኤርትራ ስደተኞች ሰፍረዋል። ኮቪድና ጦርነት ተከታትለው ሲመጡ ጎብኚ ጠፍቶ፣ የደባርቅ አስጎብኚ፣ ስካውት፣ ምግብ አብሳይና ባለ በቅሎ እጃቸውን አጣጥፈው ከረሙ። እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2023 ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ። ትኩረት የሚበትነው ስልክ ብቻ ቢሆን ኖሮ እነዚያ ወራት አእምሮ የሚያርፍባቸው በሆኑ ነበር። ከሩቅ ያለ ዘመድ በሕይወት ይኑር አይኑር አለማወቅ ግን ከማንኛውም መልእክት በላይ ልብ ይከፍላል።

ይህን ሁሉ የተሸከመ ሰው ታዲያ ከየት ይጀምር? የስሜን ባለ በቅሎ ገደል መንገድ ላይ ጭነቱ ሲያዘነብል በቅሎዋን አይገርፍም። ያቆማታል፣ ያወርዳል፣ ግራና ቀኙን አመዛዝኖ እንደገና ይጭናል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው «ችግርን መቆጣጠር ፕላስ» የተባለ አጭር የምክር ዘዴም የሚከተለው ይህንኑ ቅደም ተከተል ነው።

ዘዴው የአእምሮ ሐኪም አይጠይቅም። ሥልጠና የወሰደ ተራ ሰው በአምስት ቀጠሮ ይሰጠዋል። በፓኪስታን ፔሻዋር በግጭት በተጎዱ 346 ሰዎች ላይ ተሞክሮ ጭንቀትንና ድብርትን መቀነሱ በዚያው ዓመት ታትሟል። የሚጀምረው በትንፋሽ ነው፤ ትከሻን ለቅቆ፣ በሆድ በኩል፣ በዝግታ መተንፈስ። ይህ ችግሩን አይፈታም፤ የሚሮጠውን ልብ አረጋግቶ ለማሰብ የሚያስችል ፋታ ይሰጣል። ከዚያ ሰውየው የሚያስጨንቁትን ሁሉ አንድ በአንድ ይዘረዝርና ይለያያቸዋል፤ ሊፈታ የሚችል፣ በእጁ የሌለ፣ እምብዛም የማያሳስብ። ሊፈቱ ከሚችሉት መካከል ቀለል ያለውን አንዱን ይመርጣል። መፍትሔ ሊሆን የሚችለውን ሁሉ ጥሩ መጥፎ ሳይል ይደረድራል፤ አንዱን ይዞ መቼ፣ ከማን ጋር፣ እንዴት እንደሚያደርገው ይወስናል። በሚቀጥለው ቀጠሮ ከመካሪው ጋር የሆነውን ያያሉ።

ወደ ኮሶዬው ገበሬ ሲመጣ ጦርነቱና መንገዱ «በእጄ የለም» ከሚለው ወገን ይቆማሉ። የማዳበሪያው ዕዳ ግን ሊፈታ ከሚችለው ወገን ነው። ለማኅበሩ ሰብሳቢ የመክፈያ ጊዜ እንዲራዘም መጠየቅ፣ በግ መሸጥ፣ ከወንድም ጋር መማከር፤ ከእነዚህ አንዱን መርጦ «ቅዳሜ ገበያ ስወጣ ሰብሳቢውን አነጋግራለሁ» ማለት ነው። ዕዳው ያው ነው፤ ሌሊት ሌሊት የሚቀሰቅሰው ግን ቀን ተቆርጦለታል።

ቀን መቁረጡ ለምን እንደሚያሳርፍ የሚያስረዳ የቆየ ጥናት አለ። በርሊን ትማር የነበረችው የሊትዌኒያ ተወላጅ ብሉማ ዛይጋርኒክ፣ ሰዎች ከጨረሱት ሥራ ይልቅ ተቋርጦ የቀረውን አብልጠው እንደሚያስታውሱ እ.ኤ.አ. በ1927 ጻፈች። ያልተቋጨ ነገር እየተመላለሰ ያንኳኳል። ማሲካምፖና ባውማይስተር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 ማንኳኳቱን ለማስቆም ሥራውን መጨረስ የግድ እንዳልሆነ አሳዩ። መቼና እንዴት እንደሚሠራ ቁርጥ ያለ ዕቅድ ማውጣቱ ይበቃል። የሚጽፍ ሰው በወረቀት፣ የማይጽፍ ለሚስቱ ወይም ለጎረቤቱ ተናግሮ ሊያደርገው ይችላል።

ብቻን አለመሸከም ለዚህ አገር አዲስ ትምህርት አይደለም። አጨዳው ሲደርስ ወንፈል የገባ ገበሬ «ማሳውን በማን አሳጭዳለሁ?» የሚለው ጥያቄ ይቀርለታል፤ ተራው ታውቋል። እድር ያለው ቤተሰብ ሞት ሲመጣ ድንኳኑን፣ ንፍሮውንና ቀባሪውን ከየት አመጣለሁ አይልም። እነዚህ ማኅበራት የሚታወቁት በጉልበትና በገንዘብ መረዳዳት ነው፤ የሐሳብን ሸክም መቀነሳቸው ግን አይነገርላቸውም።

በዓላትም እንዲሁ። በወር በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም፣ በ29 ባለወልድ፣ ከዚያ ላይ ሰንበት አለ። የባከነ የሥራ ቀን አድርገው የሚቆጥሯቸው አሉ። ከትኩረት አንጻር ሲታዩ ግን «ዛሬ ልረፍ ወይስ ልሥራ?» የሚለውን ሙግት አስቀድመው የዘጉ ቀናት ናቸው፤ ያረፈ ሰው ራሱን አይወቅስም። ዕረፍቱ ግን ለሁሉም እኩል አይደርስም። ገበሬው ሞፈሩን በሰቀለበት ቀን እናት ውኃ ትቀዳለች፣ ወጥ ትሠራለች፣ ቡና ታፈላለች። የአንድ ቤት ጭንቀት መቀነስ አለበት ሲባል መጀመሪያ የሚታየው የእርሷ ቀን ሊሆን ይገባል። የበዓሉ ዕለት ውኃውን ወንዶች ልጆች ቢቀዱ በዓሉ ለእርሷም በዓል ይሆናል።

ለተማሪው ሌላ ልምድ አለ። በጎንደር የቅኔ ቤቶች ደቀ መዝሙሩ ቅኔ ሲቆጥር ከጓደኞቹ ተነጥሎ ብቻውን ይቀመጣል፤ ያን ሰዓት ሌላ ሥራ አይያዝም፣ ሰውም አያስቸግረውም። ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ለፈተና የሚዘጋጅ ተማሪ ስልኩን አጠገቡ አድርጎ ሲያነብ የሚያጣው ይህን ነው። ሶፊ ለሮይ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 እንዳሳየችው፣ ሰው ከአንድ ሥራ ወደ ሌላ ሲዘል ከሐሳቡ ከፊሉ በፊተኛው ሥራ ላይ ይቀራል። አንዲት መልእክት አይቶ ወደ መጽሐፉ የተመለሰ ተማሪ ዓይኑ ተመለሰ እንጂ ልቡ ገና እዚያው ነው። ስልኩን ለአንድ ሰዓት ሌላ ክፍል ማኖር ወጪ የሌለው መፍትሔ ነው።

ኮሶዬ ላይ መኪና አስቁሞ ቆላውን የሚያየው መንገደኛም ያለ ምክንያት አይደለም የሚታደሰው። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ጥናት ሰዎችን ለአንድ ሰዓት ገደማ አንዴ ዛፍ በበዛበት ቦታ፣ አንዴ በከተማ መንገድ አስኬዷቸው። ከዛፎቹ መካከል ሲመለሱ ቁጥሮችን ወደ ኋላ የመድገም ፈተና ላይ የተሻለ ሠሩ። በብርዱ ወራት የሄዱት በእግር ጉዞው ባይደሰቱም ጥቅሙ አልቀረባቸውም። በስሜን ግርጌ ለሚኖር ሰው ይህ መልካም ዜና ነው፤ እንጨት ወይም ውኃ ሳይሸከም፣ ለራሱ ብሎ የሚሄድበት ሩብ ሰዓት ካገኘ ብርዱ አያግደውም።

እነዚህ ሁሉ የሚረዱት ለዕለት ተዕለት መጨናነቅ ነው። እንቅልፍ ለሳምንታት የራቀው፣ መብላት ያቆመ፣ ሥራ መያዝ ያቃተው፣ ያየው ነገር በሕልምም በውንም እየተመለሰ የሚያስደነግጠው፣ ወይም መሞትን የሚመኝ ሰው ሕክምና ያስፈልገዋል። ጸበል የሚሄድ ሰው መድኃኒት መተው የለበትም፤ ሁለቱ አብረው ሊሄዱ ይችላሉ። ቅርብ ካለ ጤና ጣቢያ ተጀምሮ፣ ከበድ ሲል ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይላካል። መንገድ በተዘጋበት ሰሞን ግን ሕመምተኛው ያለው እዚያው ቀበሌው ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በተጀመረው መርሐ ግብር በየቀበሌው የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ይደርሳሉ፤ በየቤቱም ይታወቃሉ። ፔሻዋር ላይ የተሞከረውን የአምስት ቀጠሮ ምክር እነርሱ እንዲሰጡት ማሠልጠን በዳባትና በደባርቅ ላለው ችግር ቅርብ የሆነ እርምጃ ይሆናል። ምክሩ እነርሱንም ጭምር ይጠቅማል፤ ጦርነቱን ያሳለፉት ከጎረቤቶቻቸው ጋር ነውና።